በችግር ቀን ከሰው ስለ መቆጠር



ሰው በምቾቱ ጊዜ ስንት ወዳጅ እንዳለው አይቆጥርም፤ ችግር በመጣበት ጊዜ ግን እርሱ ራሱ በሌሎች ዘንድ ተቆጥሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይመለከታል። እንጀራው ያለቀበት ሰው እንጀራ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከእንጀራው ጋር አንድ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ይኸውም «ይህ ሰው ከእኛ ወገን ነው፤ የደረሰበት ነገር ደርሶብናል» የሚል ሰው ማግኘት ነው። ይህን ያጣ ሰው ሆዱ ቢጠግብ እንኳ ልቡ እንደ ተራበ ያድራል።

እንግዲህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ የሚከተለው ነው። መከራ ያልደረሰበት ሰው የባልንጀራውን መከራ በእውነት ሊያውቅ ይችላልን? ሊያውቅ የማይችል ከሆነስ በእርሱ ላይ ያለው ዕዳ ምንድር ነው? ዝም ማለት ነውን? ወይስ መምከር? ወይስ ሌላ ነገር?

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ በሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከዚያው እጀምራለሁ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በያዘ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በብዙ አገሮችም መስጊዶች ለሳምንታት ደጃቸውን ዘጉ፤ የዚያ ዓመት ሐጅ እንኳ በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተፈቀደ ሆነ። እኔ የዱቄትና የስኳር ነጋዴ ስለ ነበርሁ ሱቄ አልተዘጋም። ሰውም ነገ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ከወትሮው አብልጦ ይገዛ ነበርና፥ እውነቱን ለመናገር ገበያዬ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ከሱቄ አጠገብ ግን የተማሪዎችን የደንብ ልብስ እየሰፋ ቤቱን የሚያስተዳድር አንድ ጎረቤት ነበረኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ለሚመጣው የትምህርት ዘመን የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ከእኔ ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ግን ጨርቁ በመደርደሪያው ላይ ቀረ፤ የሚገዛ የለም፤ የሚሰፋ የለም።

አንድ ቀን ከዐስር ስግደት በኋላ ወደ ሱቄ መጣና በደጃፉ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስለ አየሩ ተናገረ፤ ስለ በሽታውም ወሬ ጥቂት ተናገረ። ከዚያም «ወንድሜ፥ ነገሩ ከብዶኛል» አለኝ። እኔም ሒሳቤን ከምጽፍበት መዝገብ ቀና ሳልል «ምን ይደረጋል፤ ችግሩ የሁላችንም ነው፤ ትዕግሥት ማድረግ ነው» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እውነትህን ነው» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ከዐሥር ቀን በኋላ የስፌት መኪናውን እንደ ሸጠ ሰማሁ። በማግሥቱም የብድሩን ገንዘብ ሳይጎድል ቆጥሮ በልጁ እጅ ላከልኝ።

ወዳጆቼ ሆይ! በዚያ ቀን የተናገርሁትን ቃል ብትመረምሩት ከውስጡ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል አታገኙም። ችግሩ በእውነት የሁላችን ነበር፤ ትዕግሥትም በእውነት የታዘዘ ነገር ነው። ነገር ግን እውነት የሆነው ቃል በእኔ አፍ የሰውየውን ልብ ዘጋ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህን ለመረዳት ከእኔ እጅግ ወደሚበልጡ ሰዎች ታሪክ ልመልሳችሁ።

በመካ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መከራ በጸናባቸው ጊዜ፥ ከ615 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ አገር ተሰደዱ። ከእነዚህም ስደተኞች መካከል የነቢዩ አጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማ ቢንት ዑመይስ ነበሩ። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በፍትሕ ተቀበሏቸው፤ ሊያስመልሷቸው ለመጡትም የቁረይሽ መልክተኞች አሳልፈው አልሰጧቸውም። አስማ በዚያ አገር ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ከዐሥር ዓመት በላይም ተቀመጡ። እንግዳ ተቀባዩ ምንም ያህል ደግ ቢሆን ስደት ስደት ነው። ልጅ ሲወለድ እናት በአጠገብ የለችም፤ ሰው ሲሞት መርዶው የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው፤ በአገር ቤት ደስታ ቢሆን ኀዘን ቢሆን ተካፋይ መሆን አይቻልም።

በ7 ዓመተ ሒጅራ (በ628 እ.ኤ.አ.) ጃዕፈርና አስማ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመርከብ ተሳፍረው ወደ መዲና ገቡ። አንድ ቀን አስማ የሰይዲና ዑመርን ልጅ ሐፍሷን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ ሰይዲና ዑመር ገቡ። የተቀመጠችው ሴት ማን እንደ ሆነች ጠየቁ፤ አስማ መሆናቸው በተነገራቸውም ጊዜ «ከሐበሻ የመጣችው? በባሕር የመጣችው?» በማለት አወቋቸው። ቀጥለውም ወደ መዲና በመሰደድ እኛ ቀድመናችኋልና ለአላህ መልክተኛ ከእናንተ ይልቅ የምንቀርብ እኛ ነን የሚል ነገር ተናገሩ።

ሰይዲና ዑመር በክፋት አልተናገሩትም፤ እርሳቸውም ስለ ሃይማኖታቸው አገራቸውን የተዉ፥ ብዙ መከራ የተቀበሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የሌላውን መከራ በራሳቸው መከራ መስፈሪያ ሰፈሩት። አስማ በዚህ ነገር እጅግ ተቆጡ። እናንተ ከመልክተኛው ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፤ ያላወቀውንም ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ አገር፥ ከባዕድ መካከል ነበርን በማለት መለሱ። ነገሩን ለነቢዩ ሳይነግሩ እህል እንደማይቀምሱ፥ ውሃም እንደማይጠጡ ማሉ፤ በሚነግሩበትም ጊዜ እንደማይዋሹና በነገሩም ላይ ምንም እንደማይጨምሩ ተናገሩ። ነቢዩም በሰሙ ጊዜ ዑመርና ባልደረቦቻቸው አንድ ስደት እንዳላቸው፥ እናንተ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ስደት እንዳላችሁ ብለው ፈረዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ልብ በሉት። በመርከቡ የመጡት ሰዎች ይህን ቃል ከአስማ አፍ ለመስማት ቡድን ቡድን ሆነው ይመጡ ነበር፤ ከዓለም ነገር ሁሉ ከዚህ ቃል የበለጠ ያስደሰታቸው እንዳልነበረ አስማ ራሳቸው ተናግረዋል። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ሹመት አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው ነገር ቢኖር መከራቸው መቆጠሩ ብቻ ነው፤ ያሳለፉት ዘመን በባዶ እንዳልጠፋ ተነገራቸው።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ከምኑ ላይ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። ለጎረቤቴ «ችግሩ የሁላችንም ነው» ባልሁት ጊዜ የእርሱን ችግር ከብዙዎች ችግር ጋር ቀላቅዬ አጠፋሁት። የእኔ ሱቅ ተከፍቶ የእርሱ ጨርቅ በመደርደሪያ ላይ ቀርቶ ሳለ፥ ሁለታችን አንድ ዓይነት ሸክም እንደ ተሸከምን አድርጌ ተናገርሁ። የማጽናኛ ቃል የመሰለኝ ነገር በእውነቱ ላለመስማት የተዘጋጀ ምክንያት ነበር።

ወደ አስማ ታሪክ እንመለስ። በ8 ዓመተ ሒጅራ (በ629 እ.ኤ.አ.) ጃዕፈር በሙእታ ጦርነት ወደቁ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ እንደ ዘገበው፥ በዚያ ቀን አስማ ቆዳቸውን አልፍተው፥ ሊጡን አቡክተው፥ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ሳለ ነቢዩ ወደ ቤታቸው ገቡ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ አሸተቷቸውም፤ ዓይናቸውም እንባ አፈሰሰ። አስማም ነገሩን ገብቷቸው ስለ ጃዕፈር ጠየቁ፤ መርዶውም ተነገራቸው። ከዚያም ነቢዩ ወደ ቤተ ሰዎቻቸው ሄደው፥ የጃዕፈር ቤተ ሰዎች ሐሳብ የሚይዝ ነገር ስለ መጣባቸው ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። በመጀመሪያ ወደ ቤቱ መጡ፤ ቀጥሎ ልጆቹን አቀፉ፤ ቀጥሎ አለቀሱ፤ ከሁሉም በኋላ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። እንባው ምግቡን አላስቀረም፤ ምግቡም የእንባውን ቦታ አልወሰደም። የተቦካው ሊጥ በቤት ውስጥ ነበረ፤ የሚጋግረው እጅ ግን ደክሟል። የምግቡ ጥቅም በመጠኑ ሳይሆን የተሰበረው ሰው ስለዚያ ቀን እሳትና ምጣድ እንዳያስብ ማድረጉ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ጎረቤት ለኀዘንተኛ ቤት ምግብ ተሸክሞ የሚሄድበት ልማድ ምን ያህል ጥልቅ እውቀት እንዳለበት ከዚህ እናያለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሰይዲና ዑመር እንመለስ፤ የትምህርቱ ፍሬ ያለው ከእርሳቸው ዘንድ ነውና። ከመርከቡ ሰዎች መምጣት ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ18 ዓመተ ሒጅራ (በ639 እ.ኤ.አ.) እርሳቸው ኸሊፋ ሆነው ሳለ በሒጃዝ ምድር ዝናም ጠፋ። ነፋስ ሲነፍስ አፈሩ እንደ ዐመድ ይበን ስለ ነበር ያ ዘመን «ዓመተ ረማዳ» ማለት «የዐመድ ዓመት» ተባለ። ከበረሃ የሚኖሩ ዐረቦች ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ወደ መዲና ጎረፉ፤ በከተማይቱም ዳርቻ ሰፈሩ።

ሰይዲና ዑመር በዚያን ጊዜ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ማሉ። ዘይት ብቻ ይበሉ ስለ ነበር ቀላ ያለው መልካቸው ጠቆረ። አንድ ጊዜ ቅቤና ወተት በገበያ ተገኝቶ አገልጋያቸው በ40 ድርሀም ቢገዛላቸው፥ ዋጋው የበዛ ነው ብለው ለድኆች እንዲሰጥ አዘዙ፤ ለሕዝቡ የደረሰው ነገር እኔን ካልደረሰኝ የሕዝቡ ነገር እንዴት ያሳስበኛል የሚል ትርጉም ያለው ቃልም ተናገሩ።

በዚህ ላይ አንድ ብልህ ነጋዴ ሊጠይቅ ይችላል። ኸሊፋው ቅቤ ባለመብላታቸው የትኛው የተራበ ሰው ጠገበ? በመዲና ዳርቻ ለተኛው ሕፃን የዑመር ረኃብ ምን ይጠቅመዋል? የሚያስፈልገው ዱቄት ነው እንጂ የሌላ ሰው ረኃብ አይደለም። ይህ ተቃውሞ ጽኑ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። በእርግጥም በኀዘን ብቻ የሚያዝን፥ እጁን ግን የማይዘረጋ ሰው በተቸገረው ላይ ሁለተኛ ሸክም ይጨምርበታል፤ ችግረኛው ራሱ ተነሥቶ አዛኙን ያጽናና ዘንድ ያስገድደዋልና።

ነገር ግን መልሱ እንዲህ ነው። ነጋዴ እህል ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ባዶ ሳለ ትክክል መቆሙን ይመለከታል፤ በአንደኛው ወገን አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር ካለ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። የጠገበ ሰው ልብም እንዲሁ ነው። «እስከ ነገ ይቆይ» ማለት ለጠገበ ሰው ትንሽ ቃል ነው፤ ለተራበ ሰው ግን አንድ ሌሊት ነው። ሰይዲና ዑመር ከቅቤ የተከለከሉት የፍርዳቸውን ሚዛን ለማስተካከል ነው። ከቶውንም የሌላውን ሰው መከራ ሙሉ በሙሉ ልናውቅ አንችልም፤ ነገር ግን እንዳናውቅ የሚጋርደንን ነገር ከራሳችን ላይ ልናነሣ እንችላለን።

ሌላም ነገር አለ። ሰው በፈቃዱ ሲራብ የረኃቡ ቁልፍ በእጁ ነው፤ በቃኝ ባለ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የፈቃድ ረኃብ ከግድ ረኃብ ጋር አይተካከልም የሚል ሰው እውነት ተናግሯል። ሰይዲና ዑመር ግን ይህን ቁልፍ ከእጃቸው አውጥተው ለሕዝቡ ሰጡት፤ የእርሳቸው ጾም የሚፈታው ሌሎች በጠገቡ ጊዜ ነውና። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አስማ ቃሌ እስኪሰማ ድረስ አልቀምስም ብለው በፊታቸው እንደ ማሉ ሁሉ፥ አሁን ደግሞ እርሳቸው ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ አልቀምስም ብለው ማሉ። በፊት የሌላውን መከራ በራሳቸው የሰፈሩት ሰው በኋላ ራሳቸውን በሌላው መከራ ሰፈሩ።

ከዚህም ጋር ኀዘናቸው በኀዘን ብቻ አልቀረም። ከሶርያ አቡ ዑበይዳ 4000 ግመል እህል አስጭነው እንደ ደረሱ ጦበሪ ዘግቧል፤ በመዲና ዙሪያ ላሉትም እርሳቸው ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ ተደረገ። ኢብን ሰዕድ እንደ ጻፈው ሰይዲና ዑመር አንድ ሌሊት በማዕዳቸው የሚበሉትን ሰዎች እንዲቆጥሩ አዘዙ፤ 7000 ሰዎች ሆነው ተገኙ። በዚህ አልተወሰኑም፤ ወደ ማዕዱ ለመምጣት ያልቻሉትን በሽተኞች፥ ሴቶችና ሕፃናት ደግሞ እንዲቆጥሩ አዘዙ፤ እነዚያም 40000 ሆኑ። ወዳጆቼ ሆይ፥ ይህን ሁለተኛውን ቆጠራ አትርሱ! ደጃችን የመጣውን መመገብ የብዙ ሰው ጠባይ ነው፤ መምጣት ያልቻለውን ሄዶ መቁጠር ግን የጥቂቶች ነው።

በዚያ ዓመት በረኃብ ተገዶ በሰረቀ ሰው ላይ የስርቆት ቅጣት እንዳይፈጸም አደረጉ። የዘካ ሰብሳቢዎችንም አልላኩም፤ ዝናም ከዘነመ በኋላ በተከተለው ዓመት የሁለት ዓመት እንዲሰበስቡ፥ ከዚያም የአንዱን ዓመት እዚያው ላሉት ድኆች እንዲያካፍሉ አዘዙ። ይህ ለነጋዴ ታላቅ ትምህርት ነው። ዕዳው አልተሰረዘም፤ ግዴታው አልተካደም፤ ነገር ግን ጊዜው ተመለከተ። ዝናም በዘነመ ጊዜም የበረሃውን ሰዎች እንዲሁ አላሰናበቷቸውም፤ ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው ወደ አገራቸው መለሷቸው። ግብጽም ከተያዘች በኋላ ከዓባይ እስከ ቀይ ባሕር የሚደርሰው አሮጌው የውሃ መንገድ ዳግመኛ ተቆፍሮ የግብጽ እህል በመርከብ ወደ ሒጃዝ የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ። መከራው ካለፈ በኋላ የሚረሳ ሰው ታግሦ አለፈ እንጂ አልተማረም፤ የተማረ ሰው ለሚመጣው ክፉ ቀን መንገድ ይቆፍራል።

የደመወዝ መዝገብ በተቋቋመ ጊዜም ከቀደሙት ስደተኞች ሴቶች ጋር የአስማ ቢንት ዑመይስ ስም 1000 ድርሀም ተወስኖላቸው እንደ ተጻፈ ኢብን ሰዕድ ዘግቧል። «ከእናንተ ይልቅ የምንቀርብ እኛ ነን» የተባሉት ሴት በዚያው ተናጋሪ ትእዛዝ ከቀዳሚዎቹ ጋር ተቆጠሩ።

አሁን ወገን ማን ነው ወደሚለው ነገር እንምጣ። ከአስማ ጋር በአንድ መርከብ ከመጡት ሰዎች መካከል ከየመን የተነሡ አሽዐሪዎች የሚባሉ ሃምሳ ያህል ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ ነቢዩ ለመሄድ ተሳፍረው ሳለ መርከባቸው ወደ ሐበሻ ጠረፍ ጣላቸው፤ በዚያም ከጃዕፈር ጋር ተቀምጠው አብረው መጡ። የእነርሱ ልማድ ይህ ነበር፤ በዘመቻ ስንቅ ሲያልቅ ወይም በመዲና የቤተ ሰባቸው ምግብ ሲያንስ፥ ያለው ሁሉ ያለውን አምጥቶ በአንድ ጨርቅ ላይ ያፈስሰዋል፤ ከዚያም በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉታል። ነቢዩ ስለዚህ ጠባያቸው አሽዐሪዎችን ከራሳቸው ወገን፥ ራሳቸውንም ከእነርሱ ወገን ቆጠሩ።

ነቢዩ ከቁረይሽ ናቸው፤ አሽዐሪዎቹ ከየመን ናቸው፤ በደም አይገናኙም። ወገንነት የተቆረጠው በአንዱ ጨርቅና በአንዱ መስፈሪያ ነው። በዚያ ጨርቅ ላይ ብዙ ያፈሰሰና ጥቂት ያፈሰሰ ተለይቶ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰጪው አይኮራም፥ ተቀባዩም አያፍርም። ባሕር ጥሏቸው በእንግድነት የኖሩ ሰዎች ይህን ልማድ ማጽናታቸው ሊያስደንቀን አይገባም፤ እንግድነትን የቀመሰ ሰው ሌላውን እንግዳ ላለማድረግ ይጠነቀቃልና።

እንግዲህ ስለ ትዕግሥት ምን እንላለን? ትዕግሥት የታዘዘ ነገር ነው፤ እርስ በርስም እንድንመካከርበት ታዘናል። ነገር ግን መመካከር የሚባለው ሁለት ሰዎች በአንድ ሸክም ሥር ሆነው የሚያደርጉት ነው። ሸክሙን በአንዱ ራስ ላይ ትቶ ሌላው ከጥላ ሥር ሆኖ «በርታ» ቢል ይህ ምክር አይባልም። ስለዚህ ለራሳችን ትዕግሥትን እንዘዝ፤ ለባልንጀራችን ግን አስቀድመን ትከሻችንን እናቅርብ፤ ከዚያ በኋላ «ታገሥ» ብንለው ቃላችን ይሰማል።

የጎረቤቴን ነገር ሳልፈጽም ብተው ታማኝ አልሆንም። የብድሩ ገንዘብ በልጁ እጅ ከመጣልኝ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄድሁ። መኪናው ይቀመጥበት በነበረው ማዕዘን የጨርቁ ጥቅል ተደርድሮ ነበር። ስለ ብድሩ ጊዜ ልሰጠው እችል እንደ ነበር፥ ለምን መኪናውን እንደ ሸጠ ጠየቅሁት። እርሱም «ወንድሜ፥ ያን ቀን ዕዳውን እንድትተውልኝ አልመጣሁም፤ ጊዜም ልለምንህ ገና አላሰብሁም ነበር። እንዴት አደርህ እንድትለኝ ነበር የመጣሁት» አለኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ጥፋት ማጥፋቴን ብቻ ነገርሁት። ሚስቱም ቡና አቀረቡልን፤ ጠጣን።

ከዚያ በኋላ ተነጋግረን በሙዷረባ ሥርዓት፥ ይኸውም ገንዘቡ ከእኔ፥ ሥራው ከእርሱ፥ ትርፉም በስምምነታችን መሠረት ለሁለታችን እንዲሆን ተዋዋልን፤ ሌላ መኪና ተገዛ። ጨርቁም የደንብ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የአፍ መሸፈኛ ሆነ፤ ቤቱም ተነሣ። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ድረስ ድርሻዬን ቀኑ ሳይደርስ ያመጣልኛል፤ በሱቄ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ግን እንደ ቀድሞው አይቀመጥም። ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶኝ ያልፋል። መኪና በገንዘብ ይተካል፤ ያች አንዲት ሰዓት ግን አልተተካችም። ስለዚህም ወንድሞቼ፥ ሰው በደጃችሁ በተቀመጠ ጊዜ መዝገባችሁን ዝጉ።

በመጨረሻም ለነጋዴዎችና ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ጥቂት ምክር እናቀርባለን። የዱቤ መዝገባችሁን ስትመለከቱ ከቁጥሩ አጠገብ ስሙን አንብቡ፤ ከስሙም ጋር ቤቱን አስቡ። መክፈል ያልቻለውን ሰው እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ መስጠት ሃይማኖታችን ያዘዘው ነገር ነው፤ መተው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምጽዋት ነው፤ ይህን ግን ሳይለምኑ ብታደርጉት የሰውየው ክብር ይጠበቃል። እህል በጠፋ ጊዜ ዋጋ እስኪወደድ ድረስ አታከማቹ፤ የወንድምን ረኃብ እየጠበቁ የሚገኝ ትርፍ ነቢያችን የከለከሉት ነው። በቤታችሁም ልጆቻችሁ በማዕድ ተቀምጠው ሳለ «ዛሬ ከጎረቤቶቻችን ማን አልታየም?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ ባደገ ጊዜ ወደ ማዕድ ያልመጡትን መቁጠር ያውቃል።

መከራ የመጣባችሁም ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ችግራችሁን መናገር የትዕግሥት ጉድለት አይምሰላችሁ። አስማ መከራቸው ባልተቆጠረ ጊዜ ዝም አላሉም፤ ነገር ግን ሳይዋሹና ሳይጨምሩ ወደሚፈርድላቸው ሄደው ተናገሩ፤ ተፈረደላቸውም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንዱ ጆሮ ቢዘጋባችሁ ሌላው ይከፈታል፤ የሰው ጆሮ ሁሉ ቢዘጋም ከማይዘነጋው ከአላህ ዘንድ ሁሉ ነገር የተቆጠረ ነው።

አላህ በደጃችን የሚቀመጠውን ሰው የምናይበት ዓይን፥ መምጣት ያልቻለውንም የምንፈልግበት እግር ይስጠን። በክፉ ቀን እርስ በርሳችን የምንቆጣጠር ሳይሆን አንዳችን አንዳችንን ከሰው የምንቆጥር ያድርገን። አሚን።